አውቶማቲክ የብየዳ ማስክ፦ ርካሹ ይበቃል ወይ?

በርና መስኮት በሚሠራበት የብረታ ብረት ቤት ደጃፍ ቆም ብሎ ያየ ሰው ሦስት ዓይነት በያጅ አያጣም። አንዱ የፀሐይ መነጽር አድርጓል፤ ሌላው በግራ እጁ ማስክ ይዞ በቀኙ ይበይዳል፤ ሦስተኛው ፊቱን ዞር አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ኤሌክትሮዱን ይጭራል። አሁን አሁን አራተኛ ተጨምሯል፦ ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀውንና ብርሃን ሲያገኘው ራሱ የሚጨልመውን አውቶማቲክ ማስክ ያደረገ። የምንገመግመው ይህንኑ ነው። ውዱን ሳይሆን፣ በመርካቶም በክፍለ ሀገርም በየመሣሪያ መደብሩ ተሰቅሎ የሚታየውን፣ ከቻይና የሚመጣውን፣ ስሙ በየጭነቱ የሚቀያየረውን ባለ ሁለት ሴንሰር (ብርሃን የሚያይ ዓይን) ማስክ።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። የደረጃ ምልክቱ በሌንሱ ላይ ካለ፣ መለዋወጫ የፊት ፕላስቲኩ አብሮ ከተገዛ፣ ሥራውም ነጥብ ነጥብ እያደረጉ መያዝ የሚበዛበት ከሆነ ርካሹም ይበቃል። ምልክት ከሌለው ግን ቢረክስም አንመክርም፤ በዚያ ገንዘብ ቋሚ ጥቁር መስታወት ያለው ተራ ማስክ መግዛት ይሻላል።

ብዙ ሰው ይህን ማስክ የሚገዛው ቶሎ ይጨልማል ስለተባለ ነው። ካርቶኑ ላይም 1/25,000 ሰከንድ፣ 1/30,000 ሰከንድ ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ግን ማንም ዓይን አይለየውም፤ ለእሱ ተጨማሪ ብር መክፈል ከንቱ ነው። ዓይን የሚያቃጥለውን አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ የሚያግደው መጨለሙ አይደለም። የሚያግደው ከሌንሱ ጋር አብሮ የተለበጠው ማጣሪያ መስታወት ነው፤ ሌንሱ ጨለመም አልጨለመም፣ ባትሪው ሞቶም ቢሆን ያግዳል። ደረጃውን ያሟላ ሌንስ አንድ ጊዜ ሳይጨልም ቢቀር ዓይን ያጥበረብራል፣ ያናድዳል፤ ሌሊት ግን አሸዋ የገባበት ያህል አያስለቅስም። የሚያሰጋው ደረጃውን ያላሟላው ነው። ማጣሪያው ይኑር አይኑር በዓይን አይቶ መለየት አይቻልምና።

ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ከመጫር በፊት ማየት ላይ ነው። በቁጥር 10 ወይም 11 (ቁጥሩ ሲጨምር ጨለማው ይጨምራል) ቋሚ መስታወት ውስጥ ብርሃኑ እስኪነሳ ድረስ ምንም አይታይም። ስለዚህ በያጁ ማስኩን ገለጥ አድርጎ የኤሌክትሮዱን ጫፍ መጋጠሚያው ላይ ያስጠጋል፣ ከዚያ ማስኩን ሲመልስ እጁ ጥቂት ሚሊሜትር ይሄድበታል። ወይም ደግሞ መጀመሪያ ጭሮ፣ ብርሃኑን አይቶ፣ ከዚያ ይሸፍናል። አንድ ፍርግርግ ያለው የቱቦላሬ በር ለመገጣጠም ብቻ ብዙ ደርዘን ነጥብ ይፈልጋል፤ በየነጥቡ አንዲት ብልጭታ ካመለጠች ማታ የሚመጣው ሕመም ከእነዚህ የተጠራቀመ ነው። አውቶማቲኩ ማስክ አንዴ ከወረደ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ ስለማይነሳ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ግራ እጅም ነፃ ይወጣል፤ ላሜራውን መያዝ፣ ማዕዘኑን ማስተካከል ይቻላል።

የፀሐይ መነጽርን ከዚህ ጋር የሚያወዳድር ስላለ ቁጥሩን እናስቀምጠው። የተለመደው ጠቆር ያለ የፀሐይ መነጽር ከሚታየው ብርሃን ከ8 እስከ 18 በመቶውን ያሳልፋል። ቁጥር 11 የብየዳ መስታወት የሚያሳልፈው ከ0.01 በመቶ በታች ነው። በሌላ አነጋገር መነጽሩ የሚያስገባው ብርሃን ቢያንስ ወደ ሺህ እጥፍ ይጠጋል። በጎንና ከሥር የሚገባው፣ ከጉንጭ የሚነጥረውም ከዚህ ላይ ይታከላል። ሁለት መነጽር ደራርቦ ማድረግም ነገሩን አይለውጠውም።

ወደ መደብሩ እንግባ። መጀመሪያ የሚታየው ከውጭ የተለጠፈው የነበልባል ወይም የንስር ሥዕል ሳይሆን የሌንሱ ጠርዝ ነው። ማስኩን ገልብጣችሁ ከውስጥ በኩል አንብቡ። በአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 379 የተሠራ ሌንስ ላይ 4/9-13፣ ቀጥሎ የአምራቹ መለያ፣ ከዚያ 1/1/1/2 ወይም 1/2/1/2 የሚመስል ተርታ፣ መጨረሻ ላይ 379 ተጽፎ ይገኛል። 4 ሳይጨልም ያለው ደረጃ ነው፤ 9-13 የሚጨልምበት ነው። አራቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ጥራት ነው፦ ምስሉ መዛባቱን፣ ብርሃን መበተኑን፣ ጨለማው ከቦታ ቦታ መለያየቱን፣ በጎን ሲያዩት መቀየሩን። 1 ምርጥ፣ 3 ዝቅተኛ ነው። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክሙት በአራተኛው ላይ ነው፤ አንገት አዘንብሎ ቧንቧ ለሚበይድ ሰው አንዱ ጥግ ሲነጣበት የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የማስኩ ቅርፊት ላይ ደግሞ ኢኤን 175 እና ኤፍ ወይም ቢ የሚል ፊደል ይፈለጋል። ኤፍ በሴኮንድ 45 ሜትር፣ ቢ በሴኮንድ 120 ሜትር ፍጥነት የምትመጣ ትንሽ የብረት ኳስ ሲመታው የቻለ ማለት ነው። የአሜሪካው ደረጃ ከሆነ ዜድ87 የሚል ምልክት ይኖረዋል። ምልክቱ ካርቶኑ ላይ ብቻ ኖሮ ሌንሱ ላይ ከሌለ መልሳችሁ ስጡት። ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው።

ቀጥሎ ሙከራ። ማስኩን ሳታደርጉ በእጃችሁ ይዛችሁ ደጅ ውጡና ሴንሰሩን ወደ ፀሐይ አዙሩት፤ ወዲያው መጨለም አለበት። አንዱን ሴንሰር በአውራ ጣት ሸፍናችሁ ድገሙት፣ ከዚያ ሌላውን። በአንዱ ሴንሰር ብቻ የሚሠራ ማስክ ከመግዣው ቀን ጀምሮ ተበላሽቷል። የላይተር ነበልባልም ብዙዎቹን ያጨልማል። የስልክ መብራት ላያጨልም ይችላል፤ ሴንሰሩ የሚፈልገው በአርክ (በብየዳው ብርሃን) ውስጥ የሚበዛውን ኢንፍራሬድ ስለሆነ ይህ ብልሽት አይደለም። በመጨረሻ ሌንሱን ክንድ ያህል አርቃችሁ በውስጡ የመደብሩን የበር ጠርዝ ተመልከቱ። ቀጥ ያለው መስመር ከተጎበጠ ወይም ከደፈረሰ፣ ቀኑን ሙሉ በእሱ የሚያይ ሰው ራስ ምታት አይለቀውም።

አሁን ወደ ቁልፎቹ። ብዙውን ማስክ ብልሹ የሚያሰኘው የእነዚህን ሥራ በትክክል አለማወቅ ነው።

የጨለማው ቁልፍ በአምፔር ይወሰናል። በባለ 2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ስስ ላሜራ ከ40 እስከ 60 አምፔር ሲበየድ 10 ይበቃል። በባለ 2.5 ከ60 እስከ 90 አምፔር 10 ወይም 11፤ በባለ 3.2 ከ90 እስከ 130 አምፔር 11። ከ175 በላይ ከወጣ 12። በተግባር ከጨለማው ጀምሮ ወደ ብርሃኑ መምጣት ነው፤ የቀለጠው ብረት ጠርዝና ከኋላው የሚከተለው ስላግ (ብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊት) ተለይተው ሲታዩ ማቆም። ማስኩን ካወለቁ በኋላ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ነጥብ የሚታይ ከሆነ አንድ ቁጥር ማጨለም ያስፈልጋል።

የሴንሲቲቪቲው ቁልፍ ሴንሰሩ ምን ያህል ብርሃን ሲያይ ይንቃ የሚለውን ይወስናል። ፀሐይ ላይ ሲሠራ ማስኩ ገና ሳይጫር ከጨለመ፣ ወይም ጎረቤት ማሽን በጫረ ቁጥር አብሮ ከጨለመ ዝቅ ይደረጋል። በተቃራኒው በዝቅተኛ አምፔር፣ በተለይ በቲግ (በጋዝ ተከልሎ፣ በማይቀልጥ የተንግስተን ጫፍ በሚሠራው) ብየዳ፣ ሌንሱ ብልጭ ድርግም ካለ ከፍ ይደረጋል። ባለ ሁለት ሴንሰሩ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧ ሥር ተኝቶ፣ ወይም በአንጎላሬ ማዕዘን ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ሰው እጁ ወይም ብረቱ ሁለቱንም ሴንሰር ይከልልበታል። ሴንሰሩ አርኩን ካላየ ሌንሱ መሀል ሥራ ላይ ይከፈታል። እንዲህ ያለ ሥራ ለሚበዛበት ባለ አራት ሴንሰሩን ነው የምንመክረው።

ዲሌይ የሚባለው አርኩ ከጠፋ በኋላ ሌንሱ ስንት ጊዜ ጨልሞ ይቆይ የሚል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 1 ሰከንድ ይሄዳል። ለነጥብ ብየዳ አጭሩ ይመረጣል፣ አለበለዚያ ከነጥብ ነጥብ መጠበቅ ያሰለቻል። በወፍራም ብረትና በከፍተኛ አምፔር ረጅሙ ይመረጣል፣ መጨረሻው ላይ የቀረው ጉድጓድ ቀይ ሆኖ ስለሚያበራ።

ግራይንድ (መሞረድ) የሚለው ማብሪያ ሲሞረድ ሌንሱ እንዳይጨልም ያደርጋል። ርካሾቹ ማስኮች ላይ ይህ ቁልፍ ከውጭ በኩል፣ ልክ እጅ ማስኩን ለማውረድ በሚይዘው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ሳይታወቅ ይነካል፣ ከዚያ ሲጫር ማስኩ አይጨልምም፣ ከዚያ ማስኩ ተበላሸ ተብሎ ይጣላል። የተመለሱ ማስኮችን ያየ ሁሉ መጀመሪያ ሊመለከት የሚገባው ይህን ቁልፍ ነው። ለመሞረድም ቢሆን ያን ያህል አይጠቅምም። ደረጃ 4 ፀሐይ ላይ ጥሩ ነው፤ ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ግን የዲስኩን ጠርዝ ለማየት ፊትን ማስጠጋት ያመጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ብልሽት የፊት ፕላስቲኩ ነው። ከሌንሱ ፊት ያለው ግልጽ ፖሊካርቦኔት ፍንጣሪውን የሚቀበል ነው፤ በሥራው ብዛት በሳምንትም በወርም ይጠቃጠቃል፣ ይደበዝዛል። በያጁ ግን ሌንሱ የደከመ ይመስለዋል። ከ10 ወደ 9 ያወርዳል፣ ቀጥሎ ደግሞ ሴንሲቲቪቲውን ይነካካል። መድኃኒቱ ግን ፕላስቲኩን መቀየር ነው። ማስኩ ሲገዛ 5 ወይም 10 መለዋወጫ አብሮ ይገዛ፤ ልኩ ከማስክ ማስክ ስለሚለያይ ርዝመትና ስፋቱን በሚሊሜትር ለኩ፣ ናሙናውንም ይዛችሁ ሂዱ። ነጋዴው መለዋወጫውን የማያመጣ ከሆነ ያንን ማስክ አለመግዛት ነው። የመስኮት መስታወት አስቆርጦ መግጠም የተለመደ ነው፤ ሲመታ ግን የሚሰበረው ወደ ሌንሱና ወደ ፊት ነው። ያለ ፕላስቲክ መበየድ ደግሞ የባሰ ነው። አንዲት የጋለች ፍንጣሪ ሌንሱ ላይ ብትጣበቅ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ሌንስም አይጠገንም። ፕላስቲኩም ሌንሱም በቤንዚንና በቲነር አይጠረጉም፤ ፖሊካርቦኔት በቲነር ይሰነጣጠቃል። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ሌንሱ ራሱ ውኃ ውስጥ አይነከርም።

የፀሐይ ፓነሉ ብዙ ሰው ያታልላል። ፓነሉ የሚሠራው ከአርኩ በሚያገኘው ብርሃን ነው፣ ሴንሰሩን ከመነሻው የሚያነቃው ግን ውስጥ ያለው ሊቲየም ባትሪ ነው። በአንዳንዶቹ ባትሪው ተዘግቶ የታሸገ ነው፤ ሲሞት ማስኩም አብሮ ይሞታል። ከጎኑ የሚሳብ መሳቢያ ኖሮት ሲአር 2032 ባትሪ የሚቀበለውን ምረጡ፤ የእጅ ሰዓት የሚጠግን ሁሉ አለው። ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። ሌንሱ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 5 እስከ 55 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ብርዱ ለእኛ አያሰጋም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው መዋል ወይም ከመኪና መስታወት ሥር መቀመጥ ግን ሌንሱን የሚያጨልመውን ፈሳሽ ክሪስታል ያበላሸዋል።

የራስ ማሰሪያው የርካሹ ማስክ ደካማ ጎን ነው። ከኋላ ያለው ማጥበቂያ የፕላስቲክ ጥርሱ ይበላል፤ የጎን ብሎኖቹ ይላላሉና ማስኩ ራሱ ይወርዳል። መለዋወጫ ማሰሪያ ለብቻው ይሸጣል። ሲገጠም ሁለት ነገር ይስተካከላል፦ ሌንሱ ከዓይን ያለው ርቀት በሁለቱም ጎን እኩል መሆኑና ሲወርድ አገጩ ደረት ላይ የሚያርፍበት ማዕዘን። ርቀቱ በአንድ በኩል ከበለጠ አንዱ ዓይን ብቻውን ይደክማል። ሻሽ ወይም ኮፍያ ከሥሩ የሚደረግ ከሆነ ጥጥ ይሁን።

ስለ ውዶቹ አንድ ቃል። ይህ ዓይነቱን ማስክ ሆርኔል የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ስፒድግላስ በሚል ስም ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ዛሬ ከርካሾቹ የሚለዩት ሳይጨልሙ ሲታዩ ይበልጥ ግልጽ በመሆናቸው፣ በሴንሰር ብዛትና መለዋወጫቸው በስምና በቁጥር በመገኘቱ ነው። ቀኑን ሙሉ አይዝጌ ብረት በቲግ ለሚበይድ ያዋጣል። ለበርና መስኮት አያስፈልግም።

ማስኩ የማይከላከለውንም መናገር ግድ ነው። ስላግ የሚቀጠቀጠው ማስኩ ተነስቶ ነው፣ ዓይን ውስጥ የሚገባው ትኩስ ቅርፊትም የዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከማስኩ ሥር ጎኑ የተሸፈነ ግልጽ የደኅንነት መነጽር ያለማቋረጥ ይደረግ፤ ዋጋው ከማስኩ ጋር አይወዳደርም። ለግራይንደር ከመነጽሩ በላይ ግልጽ የፊት መከለያ ያስፈልጋል። መከለያውንም ቢሆን የተሰበረ ዲስክ ያልፈዋል፣ በተለይ የማሽኑ ጋሻ ተፈቶ 230 ሚሊሜትር ዲስክ ትንሽ ግራይንደር ላይ ከታሰረ። ትልቁ ዲስክ የተፈቀደለት በደቂቃ 6,600 ዙር ገደማ ነው፤ ትንሹ ማሽን 11,000 ይዞራል። ይህን ምንም ማስክ አያድነውም።

ጭሱም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የብየዳ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2017 ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። አፍና አፍንጫ ላይ የሚጠመጠም ሻርፕ ጭሱን አያጣራም። ከማስኩ ሥር የሚገባ፣ ከጆሮ ሳይሆን ከጭንቅላት ኋላ በሁለት ላስቲክ የሚታሰር ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤፍኤፍፒ3 የሚል ምልክት ያለው የአፍና የአፍንጫ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ጢም ካለ በጎን ያስገባል። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ላይ የዚንኩን ልባጥ ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ 5 ሴንቲሜትር ያህል ሞርዶ ማንሳት፣ ነፋሱንም በጎን ማድረግ ይበጃል። ይህን ሳያደርጉ የዋሉ ማታ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል፤ ወባ መስሏቸው የሚመረመሩም አሉ። ወተት መጠጣት ሳንባ ውስጥ የገባውን ዚንክ አያወጣውም።

ልብስ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፦ ካኪ ወይም ጂንስ እንጂ የሰልባጅ ናይሎን ጃኬት አይሆንም፣ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የአንገት ቁልፍ ይዘጋ፤ በማስኩ አገጭና በኮሌታው መካከል ያለችው ክፍተት ናት ደረትን የምታቃጥለው። ሱሪው ከጫማው በላይ ይውረድ እንጂ ወደ ውስጥ አይሰካ። ኮንጎ ጫማ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ይቀልጣል። ጓንቱ ረጅም ክንድ ያለው የቆዳ ይሁን፣ ደረቅም ይሁን፤ ማሽኑ ሳይበየድ በኤሌክትሮዱ ላይ ከ60 እስከ 80 ቮልት ያህል ስለሚኖረው በክረምት የራሰ ጓንት ይዞ ኤሌክትሮድ መቀየር ያስነዝራል።

ዓይን ከተቃጠለ ሕመሙ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ቆይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ወይም ሁለት ቀን ይድናል። ድንች ቆርጦ መለጠፍ ያቀዘቅዝ ይሆናል እንጂ አያድንም። አደገኛው ማደንዘዣ ጠብታ እየደጋገሙ ማድረግ ነው፤ ሕመሙን ስለሚያጠፋው ይወደዳል፣ ግን የዓይኑን ፊት መዳን ይከለክለዋል። ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ወይም በአንድ ዓይን ብቻ የሚቆረቁር ነገር ካለ፣ ብረት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ዓይን ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ማስኩን የመግዛት ግዴታ የአሠሪው ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያውን ማቅረብንም አጠቃቀሙን ማሳየትንም በአሠሪው ላይ ጥሏል። ግዢው ሲታሰብ የሚረሳው ረዳቱ ነው። በያጁ የሚጭርበትን ቅጽበት ያውቃል፣ ብረቱን የያዘው ረዳት ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ከበያጁ ይልቅ ብዙ ብልጭታ የሚያየው እሱ ነው። አውቶማቲክ ሲገዛ የድሮው ማስክ አይጣል። 108 በ51 ሚሊሜትር የሆነ ቁጥር 10 መስታወት፣ ከፊቱ አንድ ግልጽ መስታወት ገብቶለት ለረዳቱ ይሁን። በእግረኛ መንገድ ላይ የሚሠራ ከሆነም በማሽኑና በመንገዱ መካከል በረጠበ ወይም በማይቀጣጠል ሸራ መከለል ያስፈልጋል፤ ናይሎን ሸራ በፍንጣሪ ስለሚቀጣጠል አይሆንም።